የፍሪስታይል ትንፋሽ ምንድን ነው?

የገንዳው ርዝመት 25 ሜትር ብቻ ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ሳያርፍ የሚሮጥ ሰው እዚህች ላይ ሲደርስ ቁና ቁና እየተነፈሰ የገንዳውን ዳር ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። አንዱ እኔ ነበርኩ። አቅም የለኝም ብዬ ደምድሜም ነበር።

አሰልጣኙ ግን ስለ አቅሜ ምንም አላለም። «አረፋህ የታለ?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው፤ ፊቴ ውሃ ውስጥ ሲሆን ከአፌም ከአፍንጫዬም አንዲት አረፋ አትወጣም ነበር። ለካ ትንፋሼን አፍኜ ነው የምዋኘው።

የፍሪስታይል ትንፋሽ የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፦ ፊት ውሃ ውስጥ እያለ አየር ማስወጣት፣ ፊት ወደ ጎን ሲዞር ደግሞ መሳብ። ሁለቱም ከክንድ ቀዘፋው ጋር እየተገጣጠሙ ይሄዳሉ። (በነገራችን ላይ በፍሪስታይል ውድድር ዋናተኛው የፈለገውን የዋና ዓይነት መምረጥ ይችላል። በደረት ተኝቶ ክንድን እያፈራረቁ መቅዘፍ ከሁሉም ስለሚፈጥን ሁሉም እሱን ይመርጣል፤ ስሙም ለእሱ ቀረ።)

ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ መሳቡ ነው። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው ማስወጣቱ ላይ ነው። «አየር አጠረኝ» የሚለውን ስሜት በዋናነት የሚቀሰቅሰው የኦክስጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠራቀም ነው። የምንስበው አየር 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው፤ ስናስወጣውም ገና 16 በመቶ ያህል ይቀረዋል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን ከ0.04 በመቶ ተነስቶ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል፤ መቶ እጥፍ መሆኑ ነው። ትንፋሽ ሲታፈን ይህ ሁሉ መውጫ ያጣል። ኦክስጅኑ ሳያልቅ አንጎል «ተንፍስ!» እያለ ይጮኻል።

ከዚያ ጭንቅላታችሁን ታወጣላችሁ። አፋችሁ ከውሃ ውጭ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ያፈናችሁትን ማስወጣትም፣ አዲስ መሳብም አለባችሁ። አይበቃም። ግማሹን አስወጥታችሁ፣ ግማሹን ስባችሁ ትመለሳላችሁ። ሦስት አራቴ እንዲህ ከሆነ ወደ ገንዳው ዳር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ፊታችሁ ውሃ እንደነካ «እምምም» እያላችሁ ማንጎራጎር። እያንጎራጎራችሁ አየር ማፈን አትችሉም፤ በአፍንጫ ቀስ እያለ ይወጣል። ፊታችሁን ልታዞሩ ስትሉ የቀረውን በአፍ እፍ በሉት። አፍ ከውሃ ሲወጣ ሥራው መሳብ ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ጣጣ ጭንቅላትን ቀና ማድረግ ነው። ሰውነት ውሃ ላይ እንደ ሚዛን ነው፤ ጭንቅላት ሲነሳ እግር ይሰምጣል። እግር ሲሰምጥ መዋኘቱ ዳገት እንደመውጣት ይሆናል፣ ትንፋሽም ይበልጥ ያጥራል። ደግሞ ቀና ማለት አያስፈልግም። ጭንቅላት ወደፊት ሲሄድ ውሃውን ገፍቶ ትንሽ ማዕበል ያነሳል፤ ከማዕበሉ ኋላ፣ ጉንጭ አጠገብ፣ ውሃው ጎድጎድ ይላል። አፍ አየር የሚያገኘው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። በደንብ የሚዋኝ ሰው ሲተነፍስ አስተውሉ፦ የመነጽሩ አንዱ መስታወት ውሃ ውስጥ ነው፣ ሌላው ውጭ። አፉም ወደ ጎን ጠመም ይላል። ለፎቶ አያምርም፤ አየር ግን ይገባል።

ጭንቅላት ብቻውን አይዞርም፤ ከትከሻና ከወገብ ጋር ነው። በቀኝ የምትተነፍሱ ከሆነ ቀኝ እጅ ወደ ኋላ እየገፋ ሰውነት ወደ ቀኝ ሲዞር ፊትም አብሮ ይዞራል። ያ እጅ ወደፊት ተመልሶ ውሃ ሳይገባ ፊት ቀድሞ መመለስ አለበት። ግራ እጅ በዚህ ጊዜ ወደፊት ተዘርግቶ ይቆያል። ጀማሪ ግን በእሱ ውሃውን ቁልቁል ተደግፎ ሊነሳ ይሞክራል። ውሃ ግን ድጋፍ አይሆንም፤ እጁ ይወርዳል፣ አፍም አብሮ።

በየስንት ቀዘፋ ይተነፈስ? በየሁለቱ ከሆነ ሁሌም በአንድ ጎን ነው፤ በየሦስቱ ከሆነ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። ሦስቱን እንደ ሕግ የሚያዩ አሉ። እኔ አልስማማም። ገና አየር የሚያጥረውን ሰው በየሦስቱ ማለት ማሠቃየት ነው። ረጅም ርቀት የሚወዳደሩ ብዙ ጎበዞችም በየሁለቱ ይተነፍሳሉ፤ ጡንቻቸው ኦክስጅን ይፈልጋላ። በየሦስቱ መለማመድ የሚጠቅመው አዟዟራችሁ በሁለቱም ጎን እኩል እንዲሆን ነው። ባሕር ወይም ሐይቅ ላይም ማዕበሉ በቀኝ ሲመጣ በግራ መተንፈስ መቻል ትልቅ ነገር ነው። የ50 ሜትር ተወዳዳሪዎች አንዴ ተንፍሰው ወይም ጭራሽ ሳይተነፍሱ ሲጨርሱ አይታችሁ እንዳትቀኑ። እነሱ ነገሩን በ20 ምናምን ሰከንድ ይገላገሉታል።

አንድ አደገኛ ነገር አለ። አንዳንዱ ከመጥለቁ በፊት ቶሎ ቶሎ፣ በኃይል ይተነፍሳል፤ ረጅም ጊዜ አፍኖ ለመቆየት። ይህ ኦክስጅኑን እምብዛም አይጨምርም፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ግን ያወርዳል። ስለዚህ አንጎል የሚጮኸው ዘግይቶ ነው። ኦክስጅኑ ቀድሞ ሊያልቅና ሰው ምንም ሳይታወቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል። ጎበዝ ዋናተኞችም በዚህ ሞተዋል።

ልምምዱን ጥልቀት በሌለው ቦታ ቆማችሁ ጀምሩ። በአንድ እጅ ዳሩን ያዙ፣ ጎንበስ ብላችሁ ፊታችሁን ውሃ ውስጥ ክተቱ፣ አንጎራጉሩ፣ ወደ ጎን ዙሩ፣ ሳቡ፣ ተመለሱ። ስትዞሩ አንዱ ጆሯችሁ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ይቆይ። ሁለቱም ጆሮ ከወጣ ቀና ብላችኋል ማለት ነው፤ ድገሙት።