ቡና የትኛው መደርደሪያ ላይ ነው?

በዴዊ ቁጥር (መጻሕፍትን በሚያወሩት ጉዳይ በሚመድብ የቁጥር ሥርዓት) የተደረደረ ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ ስለ ቡና የተጻፈው ሁሉ አንድ ቦታ ይገኛል ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሸወዳችሁ። የቡና እርሻ 633.73 ላይ ነው። ቆልቶ ፈጭቶ የሚያሽገው ኢንዱስትሪ 663.93 ላይ። የቡና ምርት ኢኮኖሚ 338.17373 ላይ። ረከቦትና ጀበና ዘርግተን፣ ከአቦል እስከ በረካ የምንጠጣበትን ወግ ያጠና መጽሐፍ ደግሞ 394.12 ላይ፣ ከአበላልና ከአጠጣጥ ልማዶች ጋር ይውላል።

ይህ የሆነው ዴዊ ከነገሩ በፊት ሙያውን ስለሚያስቀድም ነው። ሜልቪል ዴዊ አሜሪካ ውስጥ በአምኸርስት ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ፣ በ1876 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) እውቀትን ሁሉ አሥር ቦታ ከፈለው። እያንዳንዱን መልሶ አሥር፣ ያንንም አሥር። የመጀመሪያው እትም 44 ገጽ ብቻ ነበር። ገበሬው፣ ነጋዴውና የባህል አጥኚው የየራሳቸው ቤት አላቸው፤ ቡናው ግን በሦስቱም ቤት ይፈላል።

አንዱ ጥናት ራሱ ሁለት ዘርፍ ከረገጠስ? ለዚህ ደንብ አለ። የአየር ንብረት ለውጥ በቡና እርሻ ላይ ያመጣውን ጉዳት የሚያወራ ከሆነ፣ ተጎጂው ዘንድ ይቀመጣል፤ ማለትም ቡና እርሻ። ሁለት ጉዳዮችን እኩል ከያዘ፣ ቁጥሩ የሚያንሰው ይወስደዋል። ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሁሉንም ወደሚያቅፈው ሰፊ ዘርፍ ይወጣል። የመሀለኛው ደንብ ሁሌ ያስቀኛል፤ ዕጣ ከመጣል አይለይም። ግን ሁሉም ባለሙያ አንድ ዓይነት ዕጣ ስለሚጥል፣ መጽሐፉ የትም አገር አንድ ቦታ ይገኛል።

ብራስልስ ላይ ፖል ኦትሌ እና አንሪ ላ ፎንቴን የሚባሉ ሁለት የሕግ ሰዎች በዚህ አልረኩም። ከ1895 ጀምሮ የዓለምን ጽሑፍ ሁሉ በካርድ ለመመዝገብ ተነሥተው፣ ካርዶቻቸው ከጊዜ በኋላ ከ12 ሚሊዮን አለፉ። የዴዊን ቁጥር በፈቃዱ ወስደው ምልክቶች ጨመሩበት። ዋናው ሁለት ነጥብ ነው። 633.73:551.583 ብሎ የጻፈ ቡናንና የአየር ንብረት ለውጥን አገናኘ ማለት ነው። የእኛ ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል ይለያል፤ የእነሱ ዘርፍን ከዘርፍ ያጋባል። መጽሐፉ ያው አንድ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ካርዱ ግን ተባዝቶ በሁለቱም ቁጥር ይገባል።

ሕንድ ውስጥ የማድራሱ ራንጋናታን ከዚህም አለፈ። ሰውየው የሒሳብ መምህር ነበር። ለንደን ውስጥ አንድ ሱቅ የብረት መገጣጠሚያ መጫወቻ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት ይባላል። በ1933 ባሳተመው አመዳደብ ቁጥሩ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም፤ ከክፍልፋዮች ይገጣጠማል። እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም ብልህ እሱ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ያሸነፈው ግን ዴዊ ነው።

ዛሬ ፋይል መደርደሪያ አያጣብብም። በ1991 የተጀመረው አርካይቭ (arXiv) የሚባለው የጥናት ጽሑፎች የኢንተርኔት ማከማቻ ለአንድ ጥናት አንድ ዋና ዘርፍ ያስመርጥና ሌሎችንም እንዲጨምሩበት ይፈቅዳል።

የታተመ መጽሐፍ ግን ያው አንድ ጀርባ ነው ያለው። ባሕረ ሐሳብን እንውሰድ። መጥቅዕና አበቅቴ ይሰላል፣ የፀሐይና የጨረቃ ዑደት ይታሰባል፣ ከዚያ ጾመ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይታወቃል። 529 ብንለው የዘመን አቆጣጠር ነው፣ ጎረቤቱም ሥነ ፈለክ። 263 ብንለው ከሃይማኖት በዓላት ጋር ይሆናል። የሚያስተምሩት መሪጌታ ይህ ጥያቄ ገጥሟቸው አያውቅም። ካታሎግ ሠሪው ግን አንዱን መርጦ ቁጥሩ የተጻፈባትን ወረቀት ጀርባው ላይ መለጠፍ አለበት።