የድሮ አሉሚኒየም ቸርኬ ማደስ፦ የሚባለውና እውነታው

አዳማ ውስጥ አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው አይጠፋም። ፊያት 124 ያለው አለ፣ ፔዦ 504 ያለው አለ፣ ከአባቱ የወረሳትን ቮልስ ይዞ ጋራዥ የሚመላለስም አለ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ጠግኖ መያዝ ግድ ሆኗል። ሞተሩ ተሠርቶ፣ ቦዲው ተቀብቶ ቸርኬ ላይ ሲደረስ ግን ምክር ይበዛል። ጎሚስታው አንድ ይላል፣ ቀለም ቀቢው ሌላ ይላል። ችግሩ፣ አብዛኛው ምክር ለብረት ቸርኬ የሚሠራ ነው። የአሉሚኒየም ጠባይ ሌላ ነው።

«አሉሚኒየም አይዝግም»

ቀይ ዝገት አያወጣም፣ ልክ ነው። ነጩን ግን ያወጣል። ጠጠር ቫርኒሹን አንድ ቦታ ቦጨቅ ካደረገው እርጥበት በዚያች ቀዳዳ ይገባና ከስር ትል የሄደበት የመሰለ ነጭ መስመር እየሳበ ይሄዳል። ላዩ ላይ ቀለም መደረብ ይህን አያቆመውም። ጤነኛው አሉሚኒየም እስኪወጣ መፋቅ ነው ያለው።

ይኸው ነገር ጎማው የሚያርፍበት የውስጥ ጠርዝ ላይም ይወጣል። ጎማችሁ ሚስማር ሳይወጋው በየሳምንቱ የሚተነፍስ ከሆነ መጀመሪያ እዚያ እዩ። ብዙ ሰው ካላማዳሪ ያስከትትና ይገላገላል። አየሩ ይቆማል፣ ቸርኬው ግን ውስጥ ውስጡን መበላቱን ይቀጥላል።

«ኮስቲክ ሶዳ ቀለሙን ባንዴ ያነሳዋል»

ያነሳዋል፤ ቸርኬውንም አብሮ ይበላዋል። ኮስቲክ ሶዳ ብረትን እምብዛም አይነካም፣ አሉሚኒየምን ግን ያሟሟል። ሲፈላ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጂን ነው፤ አጠገቡ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ካለ ነገሩ ይከፋል። ለአሉሚኒየም የሚሆን የቀለም ማስለቀቂያ ግዙ፣ ጓንት አድርጉ፣ ደጅ ላይ ሥሩ፣ በፕላስቲክ ፋቁት።

«ሳንድብላስት ካልተመታ አይጸዳም»

በአሸዋና በከባድ ግፊት ከተመታ ፊቱ ይቦረቦራል፤ ያንን በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል የቀናት ሥራ ነው። ሌላም ጣጣ አለ። ቀድሞ ብረት የተመታበት አሸዋ የብረት ብናኝ ይይዛል። ብናኙ አሉሚኒየሙ ውስጥ ይሰነቀርና አዲሱ ቀለም ስር መበላት ይጀምራል። በደቃቅ የመስታወት ቅንጣትና በዝቅተኛ ግፊት ከሆነ ግን ጥሩ ይሠራል። የአሸዋው አቧራ ሳንባ እንደሚጎዳም አትርሱ፤ ፊት ላይ የታሰረ ሻርፕ አያድንም።

«የሚያብረቀርቅ ሁሉ አሉሚኒየም ነው»

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ አደጋው እዚህ ነው። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከተሠሩት የስፖርት ቸርኬዎች ውስጥ የማግኒዚየም አሉ። የእንግሊዙ ሚኒላይት፣ የጣሊያኖቹ ክሮሞዶራና ካምፓኞሎ በማግኒዚየም ሠርተዋል። የቮልስ ባለቤቶች ደግሞ ይህን ብረት ሳያውቁት ይዘውት ይዞራሉ፤ የሞተሩ ገላ ከማግኒዚየም ቅይጥ ነው።

እንዴት ይለያል? ማግኒዚየም ከአሉሚኒየም በሲሶ ያህል ይቀላል፤ ነገር ግን በእጅ መመዘን ያታልላል። ቸርኬውን ገልብጡትና ከጀርባው፣ ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ ጥፍር የምታህል ቀለም ፋቁ። ብረቱ ንጹሕ ሆኖ ሲታይ አንድ ጠብታ ኮምጣጤ ጣሉበት። ጠብታው ወዲያው አረፋ እየሠራ ከፈላ ማግኒዚየም ነው። ዝም ካለ አሉሚኒየም ነው።

ማግኒዚየም ከሆነ ግራይንደር አታስነሱበት። ብናኙ በእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል፣ ውሃ ሲደፋበት ደግሞ ይብስበታል። የሚያጠፋው ደረቅ አሸዋ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ ያለውን ቸርኬ መኪናው ላይ ከማስር ሳሎን ግድግዳ ላይ ብሰቅለው እመርጣለሁ። ዕድሜው ገፍቷል፣ መበላቱም ፈጣን ነው።

«የተሰነጠቀውን አርጎን ብየዳ ይጨርሰዋል»

የቸርኬ አሉሚኒየም ጥንካሬውን የሚያገኘው በፋብሪካ በሚሰጠው የሙቀት ሕክምና ነው። ብየዳው በዙሪያው ያለውን ክፍል መልሶ ያለሰልሰዋል። የውጭ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ጉዳት በጥሩ ባለሙያ ትሞላ ይሆናል። እግሮቹ ላይ ወይም የቡሎን ቀዳዳዎቹ አካባቢ የተሰነጠቀ ቸርኬ ግን አበቃለት። ስቱኮ ተለጥፎበት፣ ተቀብቶ የሚሸጥም አይጠፋም።

ስንጥቅ በዓይን ካልታየ እቤት የሚሠራ ዘዴ አለ። የጸዳውን ቸርኬ ነጭ ጋዝ ቀቡትና ጥቂት አቆዩት። ከዚያ ላዩን በጨርቅ እስኪደርቅ ጥረጉና የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ቀስ ብሎ ይወጣና ነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር ይሠራል። ይህ ሳይደረግ አሮጌ ቸርኬ ባልገዛ ደስ ይለኛል።

«ፓውደር ኮት ሲጋገር ያጠነክረዋል»

ፓውደር ኮት በዱቄት መልክ ተረጭቶ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ቀለም ነው። ቀለሙ ይጠነክራል እንጂ ቸርኬው አይጠነክርም። አብዛኛው ፓውደር በ180 እስከ 200 ዲግሪ ይጋገራል። ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ ወይም ረጅም ሰዓት ከቆየ የቸርኬው ጥንካሬ ይቀንሳል። የምድጃውን ሙቀት በግምት ለሚናገር ሰው ቸርኬ አትስጡ።

«ቀለም በበዛ ቁጥር ይበረክታል»

በተለይ በአዳማ አየር ቀለም የሚያበላሸው ማነስ ሳይሆን አቧራ ነው። የነፋስ ኃይል ማመንጫው እዚህ የተተከለው በከንቱ አይደለም። በማለዳ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ወለሉን ውሃ ረጭታችሁ ቀቡ። ከታች ለአሉሚኒየም የሚሆን ፕራይመር ይግባ፣ ከላይ ስስ ስስ እያለ ይደረብ።

ሁለት ቦታዎች ግን ወፍራም ቀለም አይወዱም፦ ዳዶው የሚያርፍበትና ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት። እዚያ ያለ ቀለም መኪናው ሲሄድ ይጨፈለቃል፣ ዳዶውም ይላላል። ቀለም ቀቢው ሁለቱንም በማጣበቂያ ወረቀት ይሸፍንላችሁ። ስትገጥሙ በመስቀል እያጠበቃችሁ ግጠሙ። ከዚያ ሞጆ ደርሳችሁ ስትመለሱ፣ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ፣ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ እንደገና አጥብቁ።