የመድኃኒት ጥገኝነት ምንድን ነው? ሱስስ?

«የጭንቀት መድኃኒት የሚውጥ ሁሉ ሱሰኛ ነው። ክኒኑን ዛሬውኑ ጣሉና ነፃ ውጡ።» እንዲህ ያለ ምክር ደጋግሞ ይነበባል፤ ብዙ ጊዜም የምስጋና መዓት ይከተለዋል። መካሪው ክፉ ሰው አይደለም። ያሳሳተው አንድ ቃል ነው፦ «ጥገኝነት» ማለት ሲገባው «ሱስ» አለ። ቃሉ ሲሳሳት መፍትሔውም አብሮ ይሳሳታል። ሱሰኛ የተባለ ሰው ያፍራል፣ ያፈረ ሰው በአንድ ቀን መገላገል ይፈልጋል፣ ለወራት በየቀኑ ሲወስድ ቆይቶ በአንድ ቀን ያቆመ ሰው ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊይዘው ይችላል። በዚህ የሚሞትም አለ።

እዚህ ላይ የጭንቀት መድኃኒት ስል ቤንዞዳያዜፒን የሚባለውን ቤተሰብ ነው፦ ዳያዜፓም፣ አልፕራዞላም፣ ሎራዜፓም፣ ክሎናዜፓምና ዘመዶቻቸው። የቤተሰቡ በኩር ክሎርዳያዜፖክሳይድ እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ቀረበ፤ ዳያዜፓም በ1963 ተከተለው። ለጭንቀት የሚታዘዝ ሁሉ የዚህ ቤተሰብ አባል አይደለም። ሰርትራሊን፣ ቡስፒሮን፣ ፕሮፕራኖሎል የሌላ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ሁሉንም «የጭንቀት ክኒን» ብሎ በአንድ ጆንያ መክተት ራሱ የስሕተቱ ግማሽ ነው።

ጥገኝነት ማለት ሰውነት መድኃኒቱ በየቀኑ እንደሚመጣ ቆጥሮ አሠራሩን አስተካክሏል፣ ስለዚህ መድኃኒቱ በድንገት ሲቀር ይታመማል ማለት ነው። ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አምሮት፣ ውሸት፣ ደካማ ጠባይ የሚባል ነገር በውስጡ የለም። ፕሮፕራኖሎልን ለልብ ሕመም ሲወስድ ኖሮ በድንገት ያቋረጠ ሰው የደረት ሕመሙ ብሶ ሊመለስበት ይችላል። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለወራት የወሰደ ሰው ከኩላሊቱ በላይ ያለው አድሬናል ዕጢው ሥራውን ስለሚያቀዘቅዝ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ አለበት። እነዚህን ሰዎች ሱሰኛ ብሎ የሚሰድብ አላየሁም።

ሱስ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው መድኃኒቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ያምረዋል፣ ሥራውና ቤቱ ሲፈርስ እያየ ይቀጥላል፣ ቀኑን የሚያደራጀው በመድኃኒቱ ዙሪያ ይሆናል። ሁለቱ አንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ጥገኝነት ያለ ሱስ ይኖራል፤ ይህ በጣም የተለመደው ነው። ሱስም ያለ ጥገኝነት ይኖራል፤ በየቀኑ ሳይሆን በየሳምንቱ መጨረሻ ከመጠን በላይ እየዋጠ ራሱን የሚጎዳውን ሰው ማሰብ ይበቃል።

ለውዥንብሩ ተራውን አንባቢ ብቻ መውቀስ ግን ግፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ ሱስ ለሚለው ቃል ምትክ «የመድኃኒት ጥገኝነት» የሚለውን አቀረበ። በ1987 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የምርመራ መመሪያም ሱስን «ጥገኝነት» ብሎ ጠራው። ሐሳቡ ሰው እንዳይሰደብ ነበር። ውጤቱ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም መጋራታቸው ሆነ። የ2013ቱ እትም ስያሜውን ትቶ፣ በሐኪም ክትትል በታዘዘው መሠረት የሚወስድ ሰው ላይ መላመድና የማቋረጥ ሕመም ብቻቸውን ለሱስ ምልክትነት እንደማይቆጠሩ በግልጽ አሰፈረ። ስለዚህ «ዶክተሮቹ ራሳቸው ጥገኝነት ሱስ ነው ይላሉ» የሚለው መካሪ የቆየ እትም እያነበበ ነው።

ነገሩን በገመድ ጉተታ ማየት ይቻላል። በአንድ ወገን አንጎልን የሚያረጋጋው ጋባ የሚባለው ኬሚካል አለ፤ በሌላው ወገን የሚያነቃቁት፣ በተለይ ግሉታሜት። ጭንቀት የበረታበት ሰው ዘንድ አነቃቂዎቹ ገመዱን ወደ ራሳቸው ወስደውታል። ቤንዞዳያዜፒን ከጋባ ጎን ይሰለፋል። ራሱ አይጎትትም፤ ጋባ በያዘው ቦታ አጠገብ ተጣብቆ የሕዋሱ የክሎራይድ በር (ሲከፈት ሕዋሱን የሚያረጋጋው) ቶሎ ቶሎ እንዲከፈት ያግዛል። (ጋባ ከሌለ በሩን ብቻውን አይከፍትም። ባርቢቹሬት የሚባሉት የቀድሞዎቹ ማረጋጊያ መድኃኒቶች ግን በብዛት ሲወሰዱ ብቻቸውን ስለሚከፍቱት ነው በቀላሉ ይገድሉ የነበረው።) ገመዱ ይመለሳል፣ ሰውየው ይተነፍሳል።

ጉተታው ሳምንታት ሲቆይ ግን ተቃራኒው ወገን ዝም ብሎ አይሸነፍም። አነቃቂዎቹ ሰው ይጨምራሉ፤ በሕዋሱ ላይ ጋባ የሚጣበቅባቸው ተቀባዮችም እንደበፊቱ ለመድኃኒቱ አይታዘዙም። ገመዱ መሐል ላይ ይቆማል፤ ሁለቱም ወገን ግን ከወትሮው በላይ እየጎተተ ነው። መላመድ የሚባለው ይህ ነው። አሁን መድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ገመዱን ቢለቅ ምን ይሆናል? ሌላው ወገን እንደተሰበሰበ ነው፤ ገመዱን ይዞ በሙሉ ጉልበቱ ይሄዳል። እንቅልፍ ማጣት፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብርሃንና ድምፅ አለመቻል፣ ሲብስም መንዘፍዘፍና መቃዠት የሚመጣው ከዚያ ነው። ቀስ እያለ ቢለቅ ግን ተቃራኒው ወገን የጨመራቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ይመልሳል። ሱሰኛው በዚህ ጨዋታ ውስጥ ማነው? እጁ በገመዱ እየተላጠ፣ ልቀቅ እየተባለ፣ ራሱም መልቀቅ እየፈለገ የማይለቀው ነው። ምሳሌው ከዚህ በላይ ሲጎተት ይበጠሳል፤ ለመረጋጋቱ፣ ለእንቅልፉና ለመንዘፍዘፍ መከላከያው ሰውነት የሚላመደው በተለያየ ፍጥነት ነውና። እንቅልፍ የማምጣት ኃይሉ ቶሎ ይደክማል። የማስታወስ ችሎታን የማደብዘዝ ጉዳቱ ግን እምብዛም አይለመድም፤ ለዚህ ነው «ሰውነቴ ለምዶታል፣ አይነካኝም» የሚል ሰው መኪና ሲነዳ የማይታመነው።

በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ «ሐኪም ካዘዘው ችግር የለውም» የሚል አለ። ይህም ያናድዳል። ጥገኝነት በታዘዘው መጠን፣ በታዘዘው ሰዓት፣ አንድም ክኒን ሳይጨመር ይመጣል። በየቀኑ ከተወሰደ ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ። ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ የብሪታንያ መመሪያ ለጭንቀት ከ2 እስከ 4 ሳምንት እንዳይበልጥ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። እውነተኛ ሱስም በታዘዘለት ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል፤ በተለይ ቀድሞ ከመጠጥ ወይም ከሌላ ዕፅ ጋር ችግር በነበረበት። ማዘዣው ከቀኑ አስቀድሞ ደጋግሞ የሚያልቅ ከሆነ፣ ሁለት ሐኪሞች ሳይተዋወቁ የሚያዙ ከሆነ፣ ክኒኑ የሚዋጠው ለጭንቀት ሳይሆን ለሚሰጠው የደስታ ስሜት ከሆነ፣ ያኔ «ሱስ» የሚለውን ቃል ማንሳት ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ግን በሁለት ክኒን መካከል ያለው ሰዓት ነው። የአልፕራዞላም መጠን በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 11 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፣ ሎራዜፓም 12 ገደማ፣ ክሎናዜፓም ከ30 እስከ 40። ዳያዜፓም እስከ 48 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ጉበት ከእሱ የሚሠራው ሌላ ንቁ ንጥረ ነገር ደግሞ እስከ 100 ሰዓት። አልፕራዞላም የሚወስድ ሰው ሌሊቱን አድሮ ማለዳ ልቡ እየመታ ሲነሳ «ሕመሜ ባሰ» ይላል። ሐኪሙም አምኖት መጠኑን ይጨምርለታል። ብዙ ጊዜ ግን የባሰ ሕመም የለም፤ ያለፈው ክኒን አልቆ የሚቀጥለው አልደረሰም፣ ያ ብቻ ነው። መለያው ሰዓቱ ነው፦ ጭንቀቱ ሁልጊዜ ክኒኑ ሊደርስ ሲል ከመጣና ከዋጡ በኋላ ቶሎ ከጠፋ፣ መጨመር ጥገኝነቱን ከማጥለቅ ሌላ ፋይዳ የለውም። በተለመዱት የማመዛዘኛ ሠንጠረዦች 0.5 ሚሊ ግራም አልፕራዞላም ከ10 ሚሊ ግራም ዳያዜፓም ጋር ይቀራረባል (ሠንጠረዦቹ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፣ እንደ መነሻ ብቻ የሚታዩ ናቸው)። «ግማሽ ሚሊ ግራም ብቻ ነው የምወስደው» የሚለው መጽናኛ ባዶ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ይጠቅማል ወይ? በጣም እንጂ። የማያቆም የሚጥል በሽታን ለማስቆም፣ ከከባድ መጠጥ በድንገት የወጣን ሰው ሕይወት ለማትረፍ፣ ከቀዶ ሕክምና በፊት ለማረጋጋት የሚወዳደረው ጥቂት ነው። በጭንቀት ሕመም ደግሞ ዋናው ሕክምና ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጠው የሥነ ልቦና ሕክምናና እንደ ሰርትራሊን ያሉት መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህ መድኃኒቶች ለመሥራት ሳምንታት ይወስዳሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭንቀቱን ሊያባብሱም ይችላሉ። ያንን ክፍተት ለመሻገር ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ ቤንዞዳያዜፒን ትርጉም አለው፤ የሚያበቃበት ቀን ከመጀመሪያው ማዘዣ ጋር ከተነገረ።

ማቆም ሲመጣ ሒሳቡ በአዛዡ ሐኪም እጅ ነው፤ መርሁን ማወቅ ግን ለማንም ይጠቅማል። ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ በመቀነስ ነው። መቶኛው የሚሰላው በዚያ ሰሞን ከሚወሰደው መጠን ነው፣ ከመነሻው አይደለም። በቀን 20 ሚሊ ግራም ዳያዜፓም የሚወስድ ሰው ወደ 18 ይወርዳል፣ ቀጥሎ ወደ 16 ገደማ። 5 ላይ ሲደርስ ግን አሥር በመቶው ግማሽ ሚሊ ግራም ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሰናከለው፤ ከ20 እስከ 10 በሰላም ወርዶ «የቀረችው ትንሽ ናት» ብሎ በአንዴ ይዘላል። ትንሽ መጠን ከሚመስለው በላይ ብዙ ተቀባይ ይይዛል፤ ስለዚህ ከ5 ወደ 0 መዝለል ከ20 ወደ 15 ከመውረድ እጅግ ይከብዳል። ለዚህ ባለ 2 ሚሊ ግራሙን ክኒን መክፈል ወይም ፈሳሹን መጠቀም ያስፈልጋል። ቀስ ብሎ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ክኒን ግን አይከፈልም፣ አይፈጭም። አንድ ቀን መዋጥ፣ አንድ ቀን መዝለል ደግሞ መቀነስ አይደለም፤ በተለይ በአልፕራዞላም፣ በየሁለት ቀኑ ገመዱን በድንገት መልቀቅ ነው።

አጭር ቆይታ ካለው ወደ ዳያዜፓም ተዛውሮ መቀነስ የታወቀ መንገድ ነው። ለአረጋውያንና ጉበቱ ለታመመ ሰው ግን ዳያዜፓም ይጠራቀማል፤ ወድቆ ዳሌ መስበር እዚያ ይመጣል። የጨጓራ መድኃኒቱ ኦሜፕራዞል የዳያዜፓምን መወገድ ያዘገያል፤ የፈንገስ መድኃኒቱ ኬቶኮናዞል የአልፕራዞላምን መጠን በጣም ስለሚያንር አብረው አይሰጡም። በእንቅልፍ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ወይም ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው ጡንቻ የሚያደክም ሕመም ያለበት ሰው ጥንቃቄው ሌላ ነው። ነፍሰ ጡርም በራሷ ውሳኔ በድንገት ማቆም የለባትም። ከአልኮል፣ ከሞርፊን፣ ከኮዴይን ወይም ከትራማዶል ጋር መደረቡ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ከኦፒዮይድ (ከእነሞርፊን ቤተሰብ) ጋር ስለመደረቡ፣ በ2020 ደግሞ ስለ ጥገኝነቱና ስለ ሱሱ ከባዱን ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ መግለጫ ላይ አስገብቷል። ሁለቱን ቃላት ለየብቻ መጻፉን ልብ ይሏል።

በመቀነስ ላይ ያለ ሰው ሲጨነቅ «ይኸው የድሮው ሕመሜ» ማለቱ አይቀርም። ሊሆን ይችላል። ቀድሞ ያልነበረ ነገር ከታየ ግን፣ ለምሳሌ የቆዳ መንዘር፣ የብረት ጣዕም፣ ድምፅ እንደ መርፌ መውጋት፣ ከመቀነሱ ጋር ተያይዞ መጥቶ እየቆየ የሚሸሽ ከሆነ፣ የማቋረጥ ሕመም ነው ብሎ መጠርጠር ይሻላል። ያኔ ባሉበት መጠን ላይ ጥቂት ሳምንት መቆየት እንጂ መሸሽ አያስፈልግም። መንዘፍዘፍ፣ የሌለ ነገር ማየት ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እዚያም ሲደረስ ኀፍረት አያዋጣም። የመድኃኒቱ ስም፣ በቀን ስንት ሚሊ ግራም፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ የመጨረሻው መቼ እንደተዋጠ ይነገር። ቤንዞዳያዜፒንን ከተቀባዩ ላይ የሚያነሣ ፍሉማዜኒል የሚባል ማርከሻ አለ፤ ራሱን ስቶ ለመጣ ሰው ሊታሰብ ይችላል፤ ጥገኝነት ላለበት ሰው ከተሰጠ ግን የተፈራውን መንዘፍዘፍ ራሱ ሊቀሰቅሰው ይችላል።