የፓይፕ እና የቱቦ ልዩነት ምንድን ነው?

"ፓይፕ የሚለካው በውስጥ ዲያሜትሩ ነው፣ ቱቦ ደግሞ በውጭ ዲያሜትሩ።" ሰሞኑን አንድ ሰው ይህንኑ በሙሉ ልብ ጽፎ አነበብኩ። ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ። ስለ ቱቦ ያለው በአብዛኛው ልክ ነው። ስለ ፓይፕ ያለው ግን ስህተት ነው፤ ስህተቱ ደግሞ ገንዘብ ያስከፍላል። (በአማርኛ ሁለቱንም ቧንቧ ብለን ስለምናልፍ እዚህ ፓይፕና ቱቦ እያልኩ እለያቸዋለሁ።)

እስቲ ካሊፐር አምጡና ባለ 1 ኢንች የብረት ፓይፕ ለኩ። 1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው አይደል? ውጩን ስትለኩት 33.4 ይላል። ውስጡን ለኩት፤ ስኬጁሉ (የግድግዳው ውፍረት መለያ ቁጥር) 40 ከሆነ 26.6 አካባቢ፣ ስኬጁል 80 ከሆነ 24.3 አካባቢ ይላል። 25.4 የትም የለም። የግማሽ ኢንቹማ ይብሳል። 12.7 ስትጠብቁ ውጩ 21.3 ነው፤ ውስጡ በስኬጁል 40 ወደ 15.8 ይጠጋል።

የፓይፕ "1 ኢንች" ስም ነው፣ ልክ አይደለም። የጫማ ቁጥር አስቡ። 42 ቁጥር ጫማ 42 ሴንቲሜትር አይደለም፤ ማንም በማስመሪያ አይፈልገውም። አሁን ጫማው ውስጥ ወፍራም ካልሲ ጨምሩ። የጫማው ውጭ አልተነካም፣ ለእግር የሚተርፈው ቦታ ግን ጠበበ። ስኬጁል ማለት ያ ካልሲ ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ግድግዳው የሚወፍረው ወደ ውስጥ ነው። ውጩ የማይነካው ጥርሱም ፊቲንጉም (ማገጣጠሚያው) የሚገጥመው በውጭ በኩል ስለሆነ ነው።

"ውስጡ ከስሙ ጋር ይቀራረባል እኮ" ይላል ጸሐፊው። በአንዳንዱ አዎ። ስሙ የወጣው ድሮ በነበረው የግድግዳ ውፍረት ውስጡ ወደዚያ ቁጥር ይጠጋ ስለነበር ነው። ግን እስከ 14 ኢንች ሂዱ። የባለ 12 ኢንቹ ውጭ 323.8 ሚሊሜትር ነው፣ ከስሙ ይበልጣል። የባለ 14 ኢንቹ ግን 355.6 ነው፤ ድፍን 14 ኢንች ማለት ነው። ከዚያ ጀምሮ ወደ ላይ ስሙ ራሱ የውጭ ልክ ይሆናል። "በውስጥ ይለካል" የሚለው ደንብ እዚህ ምን ሊለን ነው?

ቱቦ ግን ተለክቶ እንደተሰፋ ጫማ ነው። 1 ኢንች ከተባለ ውጩ 25.4 ነው፣ ውፍረቱም ለብቻው ይጻፋል። ቱቦውን በውጩ አንቀው የሚይዙ ፊቲንጎች የሚሠሩት በዚህ ነው። እኔ ባለሁበት አንድ ሥራ ላይ "1 ኢንች" ተብሎ ብቻ ታዘዘ። ቱቦው 25.4 ሆኖ ሳለ የመጣው ፊቲንግ ለ33.4 ነበር። 8 ሚሊሜትር ክፍተት በቴፍሎን አይሞላም። ሁሉም ተመለሰ፣ ሥራው ቆመ።

"ትንሹ ቱቦ፣ ትልቁ ፓይፕ" የሚባለውም አያስኬድም። ትልልቅ ቱቦ አለ፣ አራት ማዕዘን ቱቦም አለ። ፓይፕ ግን ክብ ብቻ ነው።

የመዳብ የውሃ ቱቦ ደንቡን ያፈርሳል። ቱቦ ይባላል፣ ነገር ግን እንደ ፓይፕ በስም ነው የሚሄደው፤ የግማሽ ኢንቹ ውጭ 15.9 ሚሊሜትር ነው። የማቀዝቀዣ መዳብ ደግሞ በእውነተኛው የውጭ ልኩ ይሸጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን አታከማቹ።

ግፊት ለምታሰሉ ደግሞ፦ በብዙዎቹ የብረት ፓይፕ ደረጃዎች ግድግዳው ከተጻፈው እስከ 12.5 በመቶ ሊሳሳ ይፈቀዳል። 3.38 ሚሊሜትር ያላችሁት 2.96 ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እኔ በምሠራበት በሂት ኤክስቸንጀር (ሙቀት ማለዋወጫ) ቱቦ ላይ ደግሞ ውፍረቱ አማካይ ነው ወይስ ዝቅተኛው ተብሎ ይጠየቃል። በዚያ ላይ ጌጅ የሚባል የውፍረት ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ግድግዳው ይሳሳል። 14 ጌጅ 2.11 ሚሊሜትር ነው፣ 16 ጌጅ 1.65። ስለዚህ ቱቦ ሳዝ ጌጅ አልጽፍም፤ ሚሊሜትሩን ነው የምጽፈው።