ከዚራ፣ መጋላ እና ደቻቱ፦ ስለ ድሬዳዋ ሰፈሮች በስህተት የሚነገሩ ነገሮች

«ከዚራን የሠራው ጣሊያን ነው።»

ይህን የሚለው እንግዳ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ ነበር፤ እዚያው ጥላ ሥር ያደጉ የሰፈሩ ልጆችም ይሉታል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ነው። ከጣቢያው ተነሥተው ቀጥ ብለው የሚዘረጉት የከዚራ መንገዶች የፈረንሳዩ የባቡር ኩባንያ ሥራ ናቸው፤ ጣቢያውና የጥገና ጋራዡም እንዲሁ። ጣሊያን ከተማዋን የያዘው በ1928 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ድሬዳዋ የ33 ዓመት ከተማ ነበረች። በቆየባቸው 5 ዓመታት የጨመረው ነገር የለም አልልም። ነገር ግን የከተማዋን መሠረት ለእሱ መስጠት፣ በዚያ ሐሩር ድንጋይ የፈለጡትንና ሐዲድ የተሸከሙትን ሠራተኞች መርሳት ነው።

«ባቡሩ ሲመጣ ቦታው ሰው የማያውቀው ባዶ ሜዳ ነበር።»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የኢሳ፣ የጉርጉራና የኖሌ ጎሳዎች ከብቶቻቸውንና ግመሎቻቸውን ይዘው በዚህ ሜዳ ይመላለሱ ነበር። ስሙም ከነዋሪው አፍ የወጣ ነው፦ ሶማሌው የጎሳ አባት የሚባለው ዲር ጦሩን ከተከለበት ቦታ ጋር ያያይዘዋል፤ በኦሮምኛ ደግሞ «ድሬ» ሜዳ ማለት ነው። ሁለቱም ወገኖች የየራሳቸውን ትርጉም በእርግጠኝነት ይነግሩዎታል፤ እኔ የምለው፣ ስም ያለው ቦታ ባዶ አይባልም። ከከተማው በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ደግሞ ከመካከለኛው የድንጋይ ዘመን የቀሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። የሰው እግር እዚህ አካባቢ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት ባቡሩን ይቀድመዋል።

«ባቡሩ ከመጀመሪያውም የታሰበው ለድሬዳዋ ነው።»

አይደለም። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. በሰጡት ፈቃድ የመጀመሪያው መስመር መድረሻ ሐረር ነበረች። ሐረር ግን ከድሬዳዋ በ700 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተራራ ላይ ተቀምጣለች፤ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት እጅግ ከባድና ውድ ሆነ። መስመሩ ሜዳውን ይዞ ቀረ፤ በእግረ ተራራውም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» መባሉም ከዚህ የተነሣ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪገባ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ጊዜ ፈጅቷል።

«መጋላ ከከዚራ ተርፎ የበቀለ ሰፈር ነው።»

መጋላ የባቡር ጣቢያው እኩያ ነው። ቃሉ በሶማሊኛ ከተማ ማለት ነው። በመጋላው የቀፊራ ገበያ የሚገናኘው የገጠሩ ሻጭና የከተማው ነጋዴ ባይኖር ኖሮ ከዚራ የባቡር መቆሚያ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

«ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው።»

ከዚራንና መጋላን የሚለየው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት በእርግጥ ደረቅ ነው፤ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው በአሸዋው ላይ አቋርጦ ይሄዳል። ስህተቱ የሚጀምረው «እዚህ ካልዘነበ ጎርፍ የለም» ሲባል ነው። የደቻቱ ውኃ የሚመጣው ከሐረርጌ ደጋ ነው። ከተማው ላይ ከዋክብት እየታዩ፣ ተራራው ላይ ለሰዓታት የዘነበው ዝናብ በገደሉ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ያየ ሰው ያውቀዋል፤ መጀመሪያ የሚሰማው ድንጋይ ከድንጋይ የሚጋጭበት ጉርምርምታ ነው፣ ውኃው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ እንዲህ ያለው ጎርፍ በሌሊት መጣ። ሰው ተኝቶ ነበር። ከ200 በላይ ነፍስ ጠፋ፤ ቤቶች ከነዕቃቸው ተጠርገው ሄዱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መጠለያ አጡ።

ስለዚህ በክረምት ደቻቱን በእግር የሚያቋርጥ ሰው ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይሆን በደቡብ በኩል ያለውን ተራራ ይመልከት። እዚያ ከጠቆረ፣ እግሩ ሥር ያለው አሸዋ ምንም ያህል ቢደርቅ፣ በድልድዩ ይሂድ፤ ልጆቹንም ከአሸዋው ያስወጣ።