ሴፍቲኔት፦ ከእርከን ሥራ እስከ ከተማ ጽዳት

"ሴፍቲኔት" ቃሉ የውጭ ነው፤ ግን ዛሬ ገጠርም ከተማም ለምዶታል። ሰው "ሴፍቲኔት ገባሁ" ይላል፣ ጊዜው ሲያልቅ ደግሞ "ተመረቅሁ" ይላል። ሙሉ ስሙ ልማታዊ ሴፍቲኔት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ኑሮ ለከበደው ቤተሰብ መንግሥት ሥራ ይሰጣል፣ ለሠራበትም ይከፍላል። አቅም ለሌላቸው አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን ሳይሠሩ የሚከፈል ቀጥታ ድጋፍ አለ።

ከዚያ በፊት "ምግብ ለሥራ" ነበር። ድርቅ ሲመጣ መንግሥት በየዓመቱ ለጋሾችን ይማጸናል፣ እህሉም ዘግይቶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሬው ከተሸጠ በኋላ ነው። በ1995 ዓ.ም. 13 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ዕርዳታ ጠባቂ ሲሆን፣ በዚህ መንገድ መቀጠል እንደማይቻል ግልጽ ሆነ። በ1997 ዓ.ም. የገጠሩ ሴፍቲኔት ተጀመረ። የዓለም ባንክ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የአየርላንድና የሌሎችም አገሮች ድጋፍ በአንድ ፕሮግራም ሥር ተቀናጀ። የሥራው ባለቤት ግን መንግሥት ነበር። ይህን ማስታወስ ተገቢ ነው።

በገጠር ሥራው በአብዛኛው አፈርና ውኃ ነው። እርከን ይሠራል፣ ክትር ይገነባል፣ ችግኝ ይተከላል፣ የገጠር መንገድ ይጠረጋል። እርሻ ፋታ በሚሰጥበት ወቅት በዓመት 6 ወር ያህል ይሠራል፤ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይታሰባል። መጀመሪያ የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር 6 ብር 3 ኪሎ መግዛት አቃተው። ብሩ ወደ 8፣ በኋላም ወደ 10 ከፍ ቢልም ብዙ ገበሬ "እህሉን ስጡኝ" ማለት ጀመረ። ልክ ነበሩ። ቤተሰቦች በአምስት ዓመት ይመረቃሉ የተባለው ዕቅድም ከታሰበው እጅግ ያነሰ ሰው ነው ያስመረቀው።

የከተማው የመጣው ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። የከተማ ድሃ መሬት የለውም፤ የሚበላውን ሁሉ በብር ይገዛል። ስለዚህ የዋጋ ንረቱ እሱን ቀድሞ ይመታዋል። በ2007 ዓ.ም. የከተሞች የምግብ ዋስትናና የሥራ ዕድል ፈጠራ ስትራቴጂ ጸደቀ። በ2008 የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ፣ መንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን ከራሱ ጨመረ። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሥራ ተጀመረ፦ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ሐዋሳ፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳና ሰመራ-ሎግያ። በአምስት ዓመት ለ604 ሺህ ሰው እንዲደርስ ታቀደ፤ ከዚህ 84 በመቶው በሥራ፣ 16 በመቶው በቀጥታ ድጋፍ። አብዛኛው ተጠቃሚ የአዲስ አበባ ነዋሪ ነበር።

ምልመላው የሚጀምረው ከሰፈር ነው። ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች ያሉበት ኮሚቴ ቤተሰቦችን በኑሮ ደረጃ ይለያል። ከዚያ ስለ ቤቱና ስለ ንብረቱ መጠይቅ ይሞላል። ዝርዝሩ በአደባባይ ይለጠፋል፣ ቅር ያለው ለአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። እርግጥ ነው፣ "እገሌ ቤት እያለው ገባ" የሚል ቅሬታ በየሰፈሩ አይጠፋም። እኔ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን የሚመርጥበት አሠራር ቢሮ ውስጥ ከተቀመጠ ሠራተኛ ምርጫ ይሻላል ባይ ነኝ። የማን ድስት እንደማይጣድ የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

በሥራው ላይ ከወንድ ሴት ይበዛል። በምኖርበት ሰፈር ገና ሳይነጋ ነጠላቸውን አፍና አፍንጫቸው ላይ አጣፍተው ይወጣሉ። አንዷ ረጅሙን መጥረጊያ ትይዛለች፣ ሌላዋ አካፋውን፣ ሦስተኛዋ የቆሻሻውን ጋሪ ትገፋለች። ታክሲ ሲበዛ ሥራው ወደ ማለቁ ነው፤ የቀን ሥራው 5 ሰዓት ብቻ ነውና። ይህም ታስቦበት ነው፦ እናት ከሰዓት በኋላ ጉሊቷ ጋ መቀመጥ ትችላለች። ከጽዳት ሌላ አረንጓዴ ልማት፣ የተፋሰስ ሥራ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይና የከተማ ግብርና አለ። ቆሻሻ ይደፋበት የነበረ ቦታ ዛሬ ጎመንና ቆስጣ የሚበቅልበት ብዙ ነው።

ክፍያው ሲጀመር በቀን 60 ብር ነበር። በአንድ ቤተሰብ ቢበዛ 4 ሰው ይታሰባል፣ ለእያንዳንዱ በወር 5 ቀን። የአራቱንም ሰዎች ቀን አንድ ሰው ሊሠራው ይችላል፤ ድምሩ 20 ቀን፣ 1,200 ብር ይሆናል። ከዚህ 20 በመቶው፣ ማለትም 240 ብር፣ ለቁጠባ ይቀመጣል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት የሥራ ቀኑ ይቀንሳል። ከዚያ ሥልጠና ወስዶ የሥራ ዕቅድ ያቀረበ ወደ 500 ዶላር የሚሆን ብር በነፃ መቋቋሚያ ይሰጠዋል። እንጀራ መጋገር፣ ባልትና፣ ዶሮ እርባታና በግ ማሞከት የተለመዱ ናቸው። ለብዙ እናቶች ይህ በስማቸው የተከፈተ የመጀመሪያ የባንክ ደብተር ነው።

በአዲስ አበባ ቀድመው የገቡት ወረዳዎች የተመረጡት በዕጣ ነበር፣ ይህም ለተመራማሪዎች ተመቸ። ጥናታቸው ሰዎች ወደ ሴፍቲኔት ሥራ ሲዞሩ በግሉ ዘርፍ የቀን ሠራተኛ ክፍያ ወደ 19 በመቶ ገደማ እንደጨመረ አሳይቷል። ማለትም ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባው ሸክም አውራጅና አናጢም ተጠቅሟል። ይህ ውጤት ከሚገባው በታች ነው የተወራለት።

ወቀሳም አለ። የሰብአዊ መብት ተሟጋቹ ድርጅት ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2003 ዓ.ም. የገጠሩ ድጋፍ ለገዥው ፓርቲ ታማኝነት መግዣ ውሏል ብሎ ነበር፤ መንግሥት አስተባብሏል። በከተማው በኩል የክፍያ መዘግየትና ብሩ ከገበያው ጋር አለመራመዱ የሚነሱ ቅሬታዎች ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ተጠቃሚዎች ከሥራ እንዲያርፉ ተደርጎ የሦስት ወር ክፍያ በቅድሚያ ተሰጣቸው። በትግራይ በጦርነቱ ጊዜ ተቋርጦ ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ በ2013 ዓ.ም. ጸደቀ። የዓለም ባንክ 400 ሚሊዮን፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር መድበውለታል። ከተሞቹ ከ11 ወደ 83 አድገዋል። አዲሱ ነገር የወጣቶች ክፍል ነው፦ ሥራ ያጣ ወጣት አበል እየተከፈለው በግል ድርጅት ውስጥ ሙያ ይለማመዳል። መጥረጊያ ይዘው የወጡ እናቶች ልጆች አሁን በጋራዥና በእንጨት ሥራ ቤት ሊገኙ ይችላሉ።