100 ሚሊ ሊትር የሚባለው ዕቃው ነው

ከሐዋሳ ተነስቶ በአዲስ አበባ በኩል ወደ ውጭ አገር የሚበር ሰው፣ ፍተሻ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጨቃጨቀው በማርና በቅቤ ነው። ደንቡ በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በማይይዝ ዕቃ ይሁን ይላል። «ኧረ ግማሽም አይሞላ!» ይላል። አይሠራም። የሚታየው ዕቃው የሚይዘው መጠን ነው። 200 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ብልቃጥ ውስጥ 50 ብቻ ቢቀርም በእጅ ሻንጣ አያልፍም። ፈታሹ ለእያንዳንዱ መንገደኛ እየቀዳ ሊለካ አይችልማ።

ደንቡ የመጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 ነው። ፈሳሽ ፈንጂ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተደርጎ፣ ከለንደን ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚበሩ አውሮፕላኖችን ለማፈንዳት የታቀደን ሴራ የእንግሊዝ ፖሊስ አከሸፈ። መጀመሪያ ፈሳሽ ጭራሽ ተከለከለ። በኋላ እስከ 100 ሚሊ ሊትር የሚይዙ ዕቃዎች ተፈቀዱ፤ እነሱም 1 ሊትር በምትይዝ፣ በምትታሸግ ግልጽ ከረጢት ውስጥ ገብተው።

ፈሳሽ ሲባል ውሃ ብቻ እንዳይመስልዎ። ማር፣ ሎሽን፣ የጥርስ ሳሙና፣ የሚቀባ ቅቤ ሁሉ ይገባበታል። ለጉዞው የሚበቃ የሕፃን ምግብና መድኃኒት ግን ልዩ ፈቃድ አለው፤ ለፈታሹ ቀድመው ያሳዩ።

ቅቤውን ለሚጫነው ሻንጣ ይስጡት። የሚያርፉበት አገር ምግብ ማስገባት መፍቀዱ ሌላ ጣጣ ነው። አንዳንድ ኤርፖርቶች አዳዲስ መፈተሻ ማሽን ተክለው ደንቡን አላልተዋል። ሲሄዱ ያለፈው ጠርሙስ ሲመለሱ ሊያዝ የሚችለውም ለዚህ ነው።